ከፊት ጉዳት በኋላ የሚጠፋ ዕይታ፦ አንዱ ለምን ይመለሳል፣ ሌላውስ ለምን አይመለስም?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በኒው ዮርክ የኤንዋይዩ ላንጎን ሆስፒታል ሐኪሞች፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ፊቱን ላወደመበት አንድ ሠራተኛ የፊቱን ከፊልና ሙሉ የግራ ዓይን ከሟች ለጋሽ ወስደው ተከሉለት። ሥራው 21 ሰዓት ያህል ፈጀ። ሙሉ ዓይን በሕይወት ላለ ሰው ሲተከል ያ የመጀመሪያው ነበር። ዜናውን በርዕሱ ብቻ ያነበበ ሰው ለጠፋ ዓይን መድኃኒት ተገኘ ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ቁም ነገሩ ግን ከርዕሱ በታች ነው፤ የተተከለው ዓይን አያይም። ከአንድ ዓመት ክትትል በኋላ ዓይኑ ደም እየደረሰው፣ ግፊቱን ጠብቆ እንደቆየ፣ ሬቲናውም (በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ብርሃን ሲያርፍበት የኤሌክትሪክ ምላሽ እንደሚሰጥ ታይቷል። ወደ አንጎል የሚደርስ ምስል ግን የለም።

በዱላ፣ በድንጋይ ወይም በመኪና አደጋ ፊቱ የተጎዳ ሰው ቤተሰብ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ "ዓይኑ ይድናል?" መልሱ ጉዳቱ ከዓይን የፊት መስኮት እስከ አንጎል በሚዘልቀው መንገድ የትኛውን ቦታ እንደያዘ ይወሰናል። ቦታው ሲለያይ ሕክምናው ብቻ ሳይሆን ለማዳን የተሰጠው ጊዜም ይለያያል። አንዳንዱ ጉዳት የሚሰጠው ደቂቃዎችን ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት ይታገሣል። ብዙ ዓይን የሚጠፋው የመጀመሪያው እንደ ሁለተኛው ሲታይ ነው።

"ብሌን" ሲባል የትኛው ነው?

ለግራ መጋባቱ ቃሉ ራሱ አስተዋጽኦ አለው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተቋቋመ ወዲህ "የዓይን ብሌን ልገሳ" የሚለው አጠራር ተለምዷል። እዚያ ላይ ብሌን የሚባለው ኮርኒያ ነው፦ የዓይን የፊተኛው ክፍል፣ መሀሉ ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይወፍር ጥርት ያለ መስኮት። በዕለት ተዕለት ንግግር ደግሞ ብሌን የምንለው መሀል ላይ የሚታየውን ጥቁር ክብ ነው፤ እሱ አካል ሳይሆን ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ሙሉ ዓይን ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው።

ኮርኒያ የደም ሥር የለውም። በእሾህ ወይም በኢንፌክሽን ጠባሳ ይዞ ቢነጣ፣ ከሟች በተወሰደ ኮርኒያ ይተካል፤ ከኋላው ያለው ሬቲናና ነርቭ ጤነኛ ከሆነ ዕይታ ይመለሳል። አሲድ ወይም ኖራ የገባበት ዓይን ግን ከዚህ ይከብዳል። ኬሚካሉ በኮርኒያው ዙሪያ ጥቁሩና ነጩ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ያሉትን፣ የኮርኒያን ገጽ በየጊዜው የሚያድሱትን ሕዋሳት ስለሚያቃጥል፣ አዲስ የተተከለውም መስኮት ብዙ ሳይቆይ ይደፈርሳል። ስለዚህ ለኬሚካል ቃጠሎ ወሳኙ ሕክምና እዚያው አደጋው ቦታ ላይ በንጹሕ ውኃ መታጠብ ነው፤ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ የዓይን ቆቡን ውስጥ ገልጦ፣ የቀረ የኖራ ፍርፋሪ ካለ አስወግዶ። ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ሳይታጠብ የቆየ ዓይን በኋላ የሚደረግለት ሁሉ ያነሰ ይጠቅመዋል።

የዕይታ ነርቭ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን ክሮች ያሉት፣ ከዓይን ጀርባ ተነስቶ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ገመድ ነው። የእጅ ነርቭ ተቆርጦ ቢሰፋ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ጣት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። የዕይታ ነርቭ በሥሪቱ የአንጎል አካል ስለሆነ ይህ አቅም የለውም፤ ክሩ ሲበጠስ ከሬቲና የመጣበት ሕዋስ በሳምንታት ውስጥ ይሞታል። የኒው ዮርኮቹ ሐኪሞች ነርቮቹ የተጋጠሙበት ቦታ ላይ ከለጋሹ መቅኔ የተወሰዱ ግንደ ሕዋሳት የወጉት ይህን ለመፈተን ነበር። እስካሁን ዓይን ከእነ ነርቩ ተተክሎ ያየ ሰው የለም።

ጠንካራ ክፈፍ፣ ስስ ግድግዳ

ዓይን የተቀመጠበት ጎድጓዳ ሰባት አጥንቶች ተጋጥመው የሚሠሩት፣ ወደ ኋላ እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ ክፍል ነው። የሚይዘው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከአንድ የቡና ስኒ ግማሽ ብዙም አይርቅም። ከዚያ ውስጥ ዓይኑ ራሱ ሰባት ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ የቀረው ስብ፣ ጡንቻ፣ የደም ሥርና ነርቭ ነው። የፊቱ ክፈፍ ወፍራም ነው። ወለሉና ወደ አፍንጫ ያለው ግድግዳ ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ብርሃን ላይ ቢያዝ የሚያሳልፍ ስስ ነው።

ይህ ስስነት ጉድለት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ዓይንን የሚያድነው እሱ ነው። ቡጢ ወይም ኳስ ሲያርፍ ግፊቱ ወለሉን ሰብሮ ወደ ጉንጭ አጥንት ባዶ ክፍል ይተነፍሳል፤ ዓይኑ ሳይፈነዳ ይተርፋል። በተቃራኒው "ራጅ ተነስቶ አጥንቱ ደህና ነው ተብሏል" የሚለው መጽናኛ ስለ ዓይኑ ምንም አይናገርም። አጥንቱ ሳይሰበር ውስጡ የፈሰሰ ደም መውጫ ስለሌለው የበለጠ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

በእኛ አገር የፊትና የዓይን ጉዳት የሚመጣባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው፦ ዱላና ድንጋይ፣ የሞተር ሳይክልና የባጃጅ አደጋ፣ የከብት ቀንድና የበቅሎ ርግጫ፣ እንጨት ሲፈለጥ የሚፈናጠር ስንጥር፣ ብረት በብረት ሲመታ የሚበር ቅንጣት፣ በቡሄ ሰሞን የሚጮኸው ጅራፍ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል፤ ቁጣው ቢቀርም የገናው ዱላና ሩሩ ግን ዓይን አይመርጡም። በግጭት አካባቢዎች ደግሞ የፍንዳታ ስብርባሪ ሁለቱንም ዓይን ባንዴ ይጎዳል።

ሰዓት የሚቆጠርበት ጉዳት፦ ከዓይን ጀርባ የታሰረ ደም

ከሁሉም ይበልጥ ማብራሪያ የሚሻው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ የሚድንና በየቦታው የሚጠፋ ዕይታ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዓይን ጀርባ የደም ሥር ሲበጠስ ደሙ በዚያ ጠባብ ሾጣጣ ውስጥ ይጠራቀማል። ጀርባው አጥንት ነው፤ ፊቱን ደግሞ ቆቦቹና ቆቦቹን ከአጥንቱ ጋር የሚያስሩ ጅማቶች ዘግተውታል። ግፊቱ ሲያይል ወደ ሬቲናና ወደ ነርቩ የሚሄደው ደም ይቆማል። በጦጣዎች ላይ የተደረጉ የታወቁ ሙከራዎች እንዳሳዩት ሬቲና ያለ ደም 100 ደቂቃ ያህል ይቋቋማል፤ አራት ሰዓት ካለፈ ጉዳቱ ሰፊና የማይመለስ ነው። በተግባር የሚሠራበት ደንብ ከዚህ ይነሳል፦ ምልክቱ ከታየበት ጊዜ አንስቶ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ግፊቱ መተንፈስ አለበት።

ምልክቶቹ ለማየት መሣሪያ አይሹም። ዓይኑ ወደ ውጭ ይገፋል። ቆቡ ሲነካ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ በጣት ለመግለጥም ያስቸግራል። ዓይኑ ወደ ጎን አይንቀሳቀስም፤ ሕመሙ ብርቱ ነው፣ ማስመለስም ይከተላል። ከሁሉ በላይ፣ ሲመጣ ጣት ይቆጥር የነበረው ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ያያል። የግፊት መለኪያ ካለ ጤነኛ ዓይን ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያሳያል፤ እነዚህ ምልክቶች ባሉበት ከ40 በላይ ከሆነ መጠበቅ አያስፈልግም። ዕይታው እየወረደ ሳለ ሲቲ ስካን ለማንሳት ወረፋ መያዝ የዚህ ሕመም የተለመደ ስሕተት ነው። በሽታው የሚለየው በምርመራ እንጂ በፎቶ አይደለም።

ሕክምናው ትንሽ ቀዶ ነው፤ የሠለጠነ ሐኪም አልጋው አጠገብ ቆሞ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በዓይኑ ውጫዊ ጥግ ላይ አድሬናሊን የተቀላቀለበት አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ሊዶካይን፣ መርፌው ከዓይኑ ርቆ ወደ አጥንቱ እንዲያመለክት ተደርጎ ይወጋል። ጥጉ በመቆንጠጫ ለአንድ ደቂቃ ይያዛል፤ ይህ ደም መፍሰሱን ይቀንሳል። ከዚያ በመቀስ ከጥጉ እስከ አጥንቱ ክፈፍ ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር በአግድም ይቆረጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ብለው ሲያቆሙ ነው። ይህ የመጀመሪያው ቁርጥ መንገድ ከመክፈት በቀር ግፊቱን ብዙም አይቀንስም። ዋናው ሥራ የታችኛውን ቆብ ወደ ፊት ሳብ አድርጎ፣ በመቀሱ ጫፍ ሲነካ እንደ ክራር አውታር የሚወጠረውን የታችኛውን ጅማት ፈልጎ፣ ወደ ታችና ወደ ኋላ ባዘነበለ መቀስ መቁረጥ ነው። ጅማቱ በትክክል ከተቆረጠ የታችኛው ቆብ ከዓይኑ ተላቆ በነፃነት ይንጠለጠላል። ካልተንጠለጠለ አልተቆረጠም ማለት ነው። ግፊቱ እንደገና ይለካል፤ ካልወረደ የላይኛው ጅማት ይቀጥላል፤ ይሁንና መቀስ ወደ ላይ ሲዞር የእንባ ዕጢውና ቆብ የሚያነሳው ጡንቻ ቅርብ ስለሆኑ ጥንቃቄው ይጨምራል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ በራሱ ይሽራል፤ ካስፈለገም ከቀናት በኋላ ይሰፋል። በላዩ ጠበቅ ያለ ፋሻ ማሰር የተተነፈሰውን ግፊት መልሶ መዝጋት ነው።

መድኃኒት ይረዳል እንጂ ቀዶውን አይተካም። በደም ሥር 500 ሚሊ ግራም አሴታዞላማይድ፣ የቲሞሎል ጠብታ፣ ራስን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ማድረግ፣ ማስመለስንና ሳልን ማስቆም ተጨማሪ ጊዜ ይገዛሉ። ማኒቶል በኪሎ ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ይሰጣል፤ ግን ሽንት አብዝቶ ፈሳሽ ስለሚያስወጣ ሆዱ ወይም ጭኑ ውስጥ ደም እየፈሰሰው የደም ግፊቱ ለወረደ ሰው አደገኛ ነው።

ይህን ማን ይሥራው የሚለው ክርክር አለ። አንዳንድ የዓይን ሐኪሞች ሥራው ለልምድ አልባ እጅ ከተሰጠ ዓይን ይወጋል፣ ቆብም ይበላሻል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ በተለይ ዓይኑ ራሱ ተቀድዶ ሊሆን ሲችል በላዩ መጫን ያጠፋዋል። ግን ሚዛኑ ግልጽ ነው ባይ ነን። በጠማማ የተቆረጠ ቆብ በኋላ ይስተካከላል፤ ሁለት ሰዓት ደም ያጣ ሬቲና አይስተካከልም። የዓይን ሐኪም ያለው የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ ከሆነ "ሪፈር" መጻፍ ለዚህ ሕመም ሕክምና አይደለም። ስለዚህ ሥራው የጠቅላላ ሐኪሞች፣ የድንገተኛ ሕክምናና የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች መደበኛ ሥልጠና ውስጥ መግባት ያለበት ነው።

የተቀደደ ዓይን፦ መንካት የሌለበት

ዓይኑ ራሱ ሲቀደድ ደንቡ ይገለበጣል። መሀል ያለው ጥቁር ቀዳዳ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ይይዛል፣ ከጥቁሩ ጠርዝ ቡናማ ሥጋ ብቅ ይላል፣ ወይም ነጩ ዙሪያውን በደም አብጦ ዓይኑ ከጤነኛው ይልቅ ሟሽሾ ይታያል። እንዲህ ከተጠረጠረ ግፊት አይለካም፣ ቆቡ በኃይል አይገለጥም፣ የተሰካ ነገር አይነቀልም፣ ቅባትም አይደረግም። የሚያስፈልገው ጠንካራ ሽፋን ነው፤ የተዘጋጀ ከሌለ የወረቀት ኩባያ ሥሩ ተቆርጦ አጥንቱ ላይ እንዲያርፍ በፕላስተር ይለጠፋል። ዓላማው ዓይኑን ምንም ነገር እንዳይነካው ማድረግ ስለሆነ በጥጥና በፋሻ ማሸግ ተቃራኒው ነው። በሽተኛው አይበላም አይጠጣም፤ ማስታወክ የዓይኑን ይዘት ስለሚገፋ መከላከያ ይሰጠዋል፤ የቴታነስ ክትባትና በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል። ብረት ገብቶ ሊሆን ከቻለ ሲቲ ስካን እንጂ ኤምአርአይ አይታሰብም፤ ማግኔቱ ብረቱን ዓይን ውስጥ ያንቀሳቅሰዋል። ስፌቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ሲዘገይ ባክቴሪያ ይገባል፤ ጉዳቱ በእንጨት ወይም በአፈር የቆሸሸ ከሆነ ፈንገስም ይጨመራል። በጡት ወተት ማጠብም ሆነ ቅጠል ጨምቆ መጨመር ይህን አደጋ ማፋጠን ነው።

ስለ ተቀደደ ዓይን አንድ ለየት ያለ ፍርሃት አለ። አንዱ ዓይን ሲቀደድ እስከዚያ ተሸሽጎ የኖረው ውስጣዊ ክፍሉ ለሰውነት መከላከያ ይጋለጥና መከላከያው እንደ ባዕድ ቆጥሮ ጤነኛውንም ዓይን ያጠቃል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል፣ አንዳንዴም ከዓመታት። የብሬል ጽሕፈትን የፈጠረው ሉዊ ብሬል በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት አንድ ዓይኑን በወስፌ ወግቶ፣ በአምስት ዓመቱ ሁለቱንም አጥቷል፤ ብዙዎች ምክንያቱ ይህ ሕመም እንደነበር ይገምታሉ። በዚህ ፍርሃት ምክንያት የማያየውን ዓይን በ14 ቀን ውስጥ ማውጣት ለረጅም ጊዜ ደንብ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ሕመሙ ከ100 የተቀደዱ ዓይኖች በአንዱ እንኳ እንደማይደርስ፣ ሲደርስም በስቴሮይድና መከላከያን በሚያረግቡ መድኃኒቶች እንደሚታከም ስለታወቀ፣ ብዙ ባለሙያዎች መጀመሪያ መስፋት፣ ማውጣቱን በኋላ ከበሽተኛው ጋር መወሰን ይላሉ። ክርክሩ ያልሞተው በሽተኛው ለክትትል ተመልሶ መምጣቱ በማይረጋገጥበት ቦታ ነው፤ የጤነኛውን ዓይን መቅላትና መደብዘዝ የሚነግረው ሰው ከሌለ የድሮው ደንብ ምክንያቱን አያጣም።

የወደፊቱን ዕይታ ለመገመት የሚያገለግል ቀላል የነጥብ አሰጣጥ አለ። መጀመሪያ በታየው ዕይታ ይጀመራል፤ ብርሃን እንኳ ለማያይ 60፣ ብርሃን ወይም የእጅ እንቅስቃሴ ለሚያይ 70፣ በደንብ ለሚያይ እስከ 100። ከዚያ ይቀነሳል፦ ዓይኑ በምት ከፈነዳ 23፣ ውስጡ ከመገለ 17፣ አንድ ነገር ወግቶ በሌላ ወገን ከወጣ 14፣ ሬቲና ከተላቀቀ 11፣ የነርቭ ጉዳት ምልክት (ከታች በሚመጣው የባትሪ ምርመራ የሚለየው) ካለ 10። የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚያይ፣ ዓይኑ የፈነዳ፣ የነርቭ ምልክት ያለበት ሰው 37 ያገኛል፤ ከ45 በታች ከሆኑት ከአራቱ ሦስት ያህሉ ብርሃን እንኳ ሳያዩ ይቀራሉ። ቁጥሩ ተስፋ ለመቁረጥ አይደለም፤ ለቤተሰብ እውነቱን በልኩ ለመንገር ነው።

ዓይኑ ደህና ይመስላል፣ ግን አያይም

ከሞተር ሳይክል ላይ ወድቆ ቅንድቡን የተመታ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። ኮርኒያው ጥርት ያለ ነው፣ ሬቲናውም ሲታይ ምንም የለበትም፤ ሰውዬው ግን አያይም። ምክንያቱ ነርቩ ወደ ራስ ቅል የሚገባበት፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የአጥንት ቦይ ነው። እዚያ ውስጥ የነርቩ ሽፋን ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ቅንድብ ላይ ያረፈው ምት በአጥንቱ አልፎ ነርቩን ይጎዳዋል፤ ነርቩ ሲያብጥም የሚሰፋበት ቦታ የለውም። የነርቩ ጫፍ ነጥቶ በዓይን መመርመሪያ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚህ መሀል በሽተኛው ካሳ ፈልጎ ያስመስላል ተብሎ ሲጠረጠር ይታያል።

እውነቱን የሚለየው የኪስ ባትሪ ነው። ብርሃኑ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ሲመላለስ፣ ነርቩ የተጎዳበት ዓይን ላይ ሲያርፍ ሁለቱም ጥቁር ቀዳዳዎች በመጥበብ ፈንታ ይሰፋሉ። ይህን ማንም ማስመሰል አይችልም። ስለዚህም ይህ ምርመራ ተደርጎ ሳይመዘገብ ቀዳዳ የሚያሰፋ ጠብታ መጨመር ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ሕክምናው ላይ ግን ሐኪሞች ሲከራከሩ ቆይተዋል። በ1990 በአከርካሪ ጉዳት ላይ የታተመ ጥናት ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ይረዳል ካለ በኋላ ልማዱ ወደ ዓይን ነርቭም ተሻገረ። በ1999 የወጣው ዓለም አቀፍ የዕይታ ነርቭ ጉዳት ጥናት 133 በሽተኞችን ተከታትሎ ስቴሮይድም ሆነ ቦዩን በቀዶ ማስፋት ካለመታከም የተሻለ መሆኑን ማሳየት አልቻለም፤ ምንም ካልተደረገላቸውም ከግማሽ የሚበልጡት ተሻሽለው ነበር። ወሳኙ ግን በ2004 የታተመው ክራሽ የተባለው ጥናት ነው፦ 10,008 የራስ ቅል ጉዳት ያለባቸው አዋቂዎች ውስጥ ስቴሮይድ የተሰጣቸው በሁለት ሳምንት ከ100 ወደ 21 ሲሞቱ ባዶ መድኃኒት የተሰጣቸው ወደ 18 ነበሩ። ቅንድቡን ተመትቶ ነርቩ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱም ተመትቷል። በእኛ ሚዛን ከፍተኛ መጠን ስቴሮይድን በልማድ መስጠት የሚደገፍበት ምክንያት አልቀረም። ቦዩን መክፈት የአጥንት ስባሪ ነርቩን ሲጫን ከታየ፣ ልምድ ባለው እጅ የሚታሰብ ነው። ቤተሰብ "ምንም አላደረጉለትም" ብሎ ቢያዝን አይገርምም፤ እዚህ ላይ ግን ቆሞ መከታተል ራሱ የታሰበበት ውሳኔ ነው።

የአጥንቱ ስብራት መጠበቅ ይችላል፣ የሕፃኑ ካልሆነ

የጎድጓዳው ወለል የተሰበረ አዋቂ በአብዛኛው እብጠቱ እስኪወርድ አንድ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። ሁለት ሁለት ማየቱ ካልለቀቀ፣ ዓይኑ ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ወይም ከወለሉ ግማሽ በላይ ከወደቀ፣ በታይታኒየም መረብ ወይም ከራሱ በተወሰደ አጥንት ይጠገናል። እስከዚያው አፍንጫ መናፈጥ ክልክል ነው፤ አየሩ በስብራቱ ገብቶ ከዓይን ጀርባ ይታመቃል።

ልጆች ላይ ሌላ ነው። አጥንታቸው እንደ እርጥብ እንጨት ተጣጥፎ ይመለሳል፤ ሲመለስም ጡንቻውን እንደ ወጥመድ ነክሶ ይይዘዋል። ዓይኑ ነጭ ነው፣ እብጠትም የለም ማለት ይቻላል፤ ልጁ ግን ወደ ላይ ማየት አይችልም፣ ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱም ይቀንሳል። ይህ የጡንቻው መወጠር ልብን የሚያዘገይበት የነርቭ ምላሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አንጎሉ ተመትቷል ተብሎ ያለ ሕክምና ይታደራል። ጡንቻው ደም አጥቶ እንዳይሞት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መለቀቅ አለበት።

ጉንጭ ወይም መንጋጋ ሊጠገን ቀዶ ክፍል የሚገባ ማንኛውም ሰው ዓይኑ አስቀድሞ ታይቶ ውጤቱ መጻፍ አለበት። ከቀዶው በኋላም በየሰዓቱ ጣት ማስቆጠር ያስፈልጋል፤ ከጥገና በኋላ የሚፈስ ደም ያንኑ ከላይ የተባለውን ግፊት ያመጣል። "ዓይኑን ያጠፋው ሐኪሙ ነው" የሚለው ክስ የሚነሳውና መልስ የሚያጣው ቅድመ ምርመራው ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

ቆይቶ የሚመጣው

በኮርኒያውና ከኋላው ባለው ባለ ቀለም የዓይን ክብ መሀል የተጠራቀመ ደም ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠጣል፤ አደጋው ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን እንደገና መድማቱ ስለሆነ ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አለመውሰድ ይመከራል። የተመታ ዓይን የውስጥ ፈሳሽ መውጫው ተጎድቶ ከዓመታት በኋላ ግላኮማ ሊይዘው ስለሚችል ግፊቱ በየዓመቱ ይለካ። ብልጭታ፣ አዲስ የሚንሳፈፉ ነጠብጣቦች ወይም ከጎን የሚወርድ መጋረጃ የሬቲና መላቀቅ ምልክት ነው፤ ከጉዳቱ ወራት ቢያልፉም ቀን ሳይሰጡ መሄድ ያስፈልጋል።

በቁጥር የማይታየው ዓይን

በ2005 እና 2006 የተካሄደው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደሆነ፣ የግማሹ ምክንያትም ሞራ እንደሆነ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ጥናት የሚቆጥረው ሁለቱም ዓይኖቹ የማያዩትን ሰው ነው። ጉዳት ደግሞ በአብዛኛው የሚያጠፋው አንዱን ነው። በ1998 የወጣ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ በጉዳት ሁለቱንም ያጡት 1.6 ሚሊዮን፣ የአንዱ ዓይናቸው ዕይታ የጠፋ ወይም የደከመ ግን ወደ 19 ሚሊዮን መሆናቸውን አስቀምጦ ነበር። ዕቅድና በጀት የሚከተሉት የመጀመሪያውን ዓይነት ቁጥር ነው።

የዓይን ቀዶ ሐኪሞች በአዲስ አበባ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና በመሰሎቹ፣ እንዲሁም እንደ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ከተሞችና በመቀሌ አቅራቢያ ኩይሓ ተሰብስበዋል። ለተቀደደ ዓይን ይህ ርቀት ከባድ ቢሆንም በጠንካራ ሽፋን ተጠብቆ ከተላከ አሁንም ዕድል አለ። ከዓይን ጀርባ ለታሰረ ደም ግን ርቀቱ ራሱ ፍርድ ነው።

ጤና ጣቢያ ላይ ያለ ነርስ ያለ አንዳች መሣሪያ ማድረግ የሚችለው ትልቁ ነገር ቆቡ በእብጠት ሳይዘጋ ዕይታውን ለይቶ ከነሰዓቱ መጻፍ ነው፦ ጣት ይቆጥራል፣ እጅ ሲወዛወዝ ያያል፣ ብርሃን ብቻ ያያል፣ ብርሃንም አያይም። ቆቡ ተዘግቶ ከሆነ ብርቱ ባትሪ በቆቡ ላይ በማብራት ብርሃን ማየቱ ይጠየቃል። "በ4 ሰዓት ጣት ይቆጥር ነበር" የሚል አንድ መስመር ለተቀባዩ ሐኪም ከሙሉ ገጽ የስብራት ዝርዝር ይበልጥበታል።

አንድ ዓይን ለቀረው ሰው ደግሞ የቀረው ዓይን ጥበቃ ሕክምናው አካል ነው። ቁጥር ባያስፈልገውም እንኳ ሌንሱ ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ፕላስቲክ) የሆነ መነጽር ሁልጊዜ ማድረግ አለበት፤ ተራ የመስታወት ሌንስ ሲመታ ስባሪው ራሱ ዓይን ይገባል። ርቀትን መለካት ለመጀመሪያዎቹ ወራት ያስቸግራል፤ ሻይ ከስኒ ውጭ ይፈሳል፣ ደረጃ ይሳታል። አብዛኛው ሰው ራሱን በትንሹ ወደ ጎን እያንቀሳቀሰ የቀረበውንና የራቀውን መለየት ይለምዳል፤ እስኪለምድ ድረስ ግን መኪናም ሆነ ሞተር ሳይክል አለመንዳት፣ ከፍታ ላይም አለመሥራት ይሻላል።